ለማላውቃቸው ሙሽሮች ፏፏቴ ስመርጥ

ስልኬ ሲጠራ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ሴትዮዋ የምትለው አልተሰማኝም። ደግማ ስትደውል በረንዳ ላይ ወጥቼ አነሳሁት። የምትደውለው ከአዲስ አበባ ነው፤ ሠርግ አዘጋጅ ነኝ አለችኝ። ድምፅዋ ለጋ ነው፣ አፏ ፈጣን ነው፣ "ጋሼ" ማለት ታበዛለች።

"ጋሼ፣ ላሊበላ አካባቢ የሚያምር ፏፏቴ አለ?"

"በነሐሴማ ላስታ ውስጥ ውሃ የማይወርድበት ገደል የለም" አልኳት።

"ለሠርግ ነው። ሙሽሮቹና ጥቂት ሰው ብቻ። ድንኳን የለም፣ አጀብ የለም፤ ፏፏቴው ሥር ቆመው ቀለበት ያደርጋሉ፣ በቃ። ጸጥ ያለ ነገር ነው የሚፈልጉት።"

"እናት አባት የላቸውም?"

ያ ፈጣን አፍ ቀጥ አለ። ቆይታ "አላቸው" አለች።

ጥርጣሬዬ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። እኔ ከጎልማሳነቴ ጀምሮ አስጎብኚ ነኝ። ፈረንጅ ፏፏቴ ሥር ቢጋባ አይደንቀኝም፤ ፈረንጅ ጣራ ላይም ይጋባል። እነዚህ ግን ሁለቱም ያገር ልጆች ናቸው አለችኝ። እናት አባት እያላቸው ገደል ሥር ተደብቀው የሚጋቡ ያገር ልጆች ነገራቸው ሠርግ አይባልም፤ ለሱ እኛ ስም አለን፣ መኮብለል ይባላል። ወይ ልጁ ሌላ ቤት ሚስት አለችው፣ ወይ ዘር ሲቆጠር ሰባት ቤት አልሞላም፣ ወይ ደግሞ አንድ አባት የሆነ ቦታ ተቀምጦ እያረረ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው።

"ስልኬን ማን ሰጠሽ?"

"አገሩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም አሉኝ።"

"ማነው ያለሽ?"

"ሰዎች ናቸዋ ጋሼ!"

ሰዎች የሚባል ሰው አላውቅም ልላት ነበር፤ ተውኩት። ሥራ ከጠፋ ከርሟል። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ እንግዳ የሚባል ነገር ቀርቶ፣ ከሆቴሎቹ ገሚሶቹ ውስጥ ያለው ዘበኛ ብቻ ነው። መቼ ነው አልኳት። "መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጽጌ ሳይገባ" አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይቺ ነገር ከነከነችኝ። ጽጌ ሰው በፈቃዱ የሚጾመው ጾም ነው። የአዲስ አበባ ሠርግ አዘጋጅ ጽጌ መቼ እንደሚገባ ከየት ታውቃለች? ያለቻት ሙሽራዋ ናት። ሙሽራዋ ደግሞ ጽጌ በሚጾምበት ቤት ያደገች ናት። ደግሞስ በመስከረም ማን ያገባል? እህሉ ገና እሸት ነው፤ ለጠላ የሚሆን አዲስ ገብስ የለም፣ ገበሬው ከማሳው ንቅንቅ አይልም። ዘመድ እንዳይመጣበት የፈለገ ሰው ብቻ ነው በመስከረም የሚያገባ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር፤ አለዚያ ለምን እንደተብከነከንኩ አይገባችሁም።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ተምራ እዚያው አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። ካቻምና ጥር ላይ እዚያው የወደደችው ልጅ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሆነው በጧቱ አውሮፕላን መጡ፤ አንዱ የልጁ አለቃ፣ አንዱ አጎቱ፣ አንዱ ጎረቤቱ። በኛ አገር ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም። ተቀመጡ ሲባል "እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል፤ ወጉ ነው። እነዚህ ሶፋው ላይ ዘፍ ብለው "ተራራው ሲያምር!" አሉኝ። ይሁን፣ የከተማ ሰው ነው አልኩ። ጠላ ቀመሱ፣ ስለ አየሩ አወሩ፣ ከዚያ አለቃው ጉሮሮውን ጠራርጎ "ልጅዎን ለልጃችን" አለ። እኔም ለእህቶቼ ሽማግሌ ሲመጣ አባቴ የሚመልሰውን መለስኩ። "እኛ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የለችም" አልኩ።

አለቃው ሳቀ። "እንዴ ጋሼ! እሷ እኮ የክፍል ኃላፊ ናት!"

"አልደረሰችም" አልኩ ደግሜ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስታ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሂዱና ተመለሱ ማለት ነው። ልጄን ከመንገድ አላነሳኋትም፤ ደጄን ርገጡ፣ ለምኑኝ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን እንካችሁ የሚል አባት ልጁ የከበደችው አባት ነው። ሁለተኛ ሲመጡ ዘመድ ልማከር ይባላል፣ ሦስተኛ ሲመጡ ይመረቃል። እንዲያውም ለሁለተኛው ቀን በግ ገዝቼ ጓሮ አስሬ ነበር።

ሰዎቹ ለካ የመልስ ትኬት ይዘው ነው የመጡት! በማግስቱ ተሳፍረው ሄዱ። ለልጁም አባትየው እንቢ ብለዋል፣ ንቀውናል ብለው ነገሩት። በጉ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ለፋሲካ ታረደ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ወራት አለፉ። ስልክ ሲመለስ ልጄ ደወለችልኝ። "ደህና ነህ አባዬ?" አለችኝ፤ "ደህና ነኝ" አልኳት፤ "እናቴን አቅርብልኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬያችን ይቺው ናት። እሷ እኔ ደውዬ "ሽማግሌዎቹ ይመለሱ" እንድል ትጠብቃለች፤ እኔ ሽማግሌዎቹ እስኪመለሱ እጠብቃለሁ። የሴት አባት ስልክ አንስቶ ልጄን ውሰዱልኝ ይላል እንዴ? ደግሞ እኔ እንቢ አላልኩም! እንቢ ሌላ፣ አልደረሰችም ሌላ!

እና የዚያን ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ይቺ ሙሽራ የኔዋ ብትሆንስ የሚል ሐሳብ ገባብኝ። ያለኔ ምርቃት፣ ያለ አባት፣ ገደል ሥር ጎጆ ከወጣች፣ ከዚያ በኋላ አባቷ ነኝ ብዬ የምቆምበት ቦታ የለኝም። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ። ገብቼ ሚስቴን እራት ለምን ዘገየ ብዬ ጮህኩባት። ገና አሥር ሰዓት ነበር።

ለምን ደውለህ አልጠየቅካትም ትሉኝ ይሆናል። "ልጄ፣ ተደብቀሽ ልታገቢ ነው?" ብላት፣ እሷም "አዎ" ብትለኝስ? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብዬ በራሴ መንገድ ልመረምር ወሰንኩ። ሥራውን ተቀበልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጋሸና የሚወስደውን መንገድ ይዤ ነው። ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ ሁለት እጥፍ ሆኖ የሚወርድ ውሃ አለ። ለመኪና ይመቻል፣ ለእግር ይመቻል፣ ለፎቶም አይከፋም። አንስቼ ላክሁላት። በማግስቱ ደወለች።

"ጋሼ፣ ያምራል፤ ግን ከመንገድ ይታያል። ሙሽራዋ የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ትፈልጋለች።"

"እዚህ አገር የሚያውቃት ሰው አለ ማለት ነዋ!"

"እ... አይ፣ እንዲያው ድንገት ብዬ ነው።"

ድንገት! ሎንችናው ከጋሸና ላሊበላ የሚያመላልሰው ማንን ነው? ያገሩን ሰው ነው። ሙሽራዋ የምትደበቀው ከዚህ አገር ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ባልተኛ ደስ ይለኝ ነበር፤ ተኝቼ በሕልሜ ሎንችና ሙሉ ዘመድ ሲስቅብኝ አደረ።

ሁለተኛው የተሻለ ነበር፤ ግን ጸበል ነው። ስልኬን ደቅኜ ከወዲህ ከወዲያ ስል የጸበሉ አባት ከጎጇቸው ብቅ አሉ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

"ምንድን ነው የምታነሳው?" አሉኝ።

"ለሠርግ ቦታ እያየሁ ነው አባ።"

"በሽተኛ በሚጠመቅበት ሙሽራ ልታቆም? ያደግኸው እዚህ አይደለም እንዴ?"

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?"

"እሱን ነው የምፈልገው አባ" አልኳቸውና አምልጬ ወጣሁ።

ለአዘጋጇ ሁለተኛው እንደማይሆን ስነግራት አላዘነችም። እሷ የጨነቃት ሌላ ነው። "ጋሼ፣ ድሮን ቢነሳ ችግር አለው?" አለችኝ።

"ስሚኝ እህቴ። እዚህ አገር ሰማይ ላይ ድሮን ሲጮህ የሰማ ሰው ሙሽራ መጣች ብሎ አይወጣም። ከብቱን ጥሎ ዋሻ ነው የሚገባ።"

ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ ነው፣ ተሰማኝ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ቀጥላ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "ሌላው ደግሞ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሰው ልትወርድበት የምትችለው ቦታ ይሁን ተብሏል።"

ያገኘሁት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"የትኛው ጉልበቷን ነው የሚያማት? የቀኙን?"

"እሱን እንኳ አልጠየቅኩም ጋሼ።"

የቀኙን ነው። አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከሱ ጋር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ፤ ደመና ሲያንዣብብ ከሬዲዮ ቀድሞ የሚናገር ጉልበት ነው፣ የሚስቴ ጉልበት።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሰላይ ሆንኩ። ሚስቴ ስልክ ሲመጣላት ዶሮ ልትጠራ ይመስል ወደ ጓሮ ትወጣለች። ጉልበቷን በቅቤ ታሻለች፤ አሽታ ስታበቃ ግቢውን ወዲህ ወዲያ ትለካዋለች። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ቤት በኩል ሳልፍ፣ በሷ ልክ የሆነ ነጭ ቀሚስ ከነጥልፉ ተሰቅሎ አየሁ። የማነው ስለው ሰፊው የሌለ ክር መፈለግ ጀመረ። ማታ ጠየቅኳት።

"ቀሚስ አሰፍተሻል አሉ።"

"ለመስቀል ነው።"

"አንቺ የጥምቀት ሴት አይደለሽ? ለመስቀል መቼ ለብሰሽ ታውቂያለሽ?"

"ታዲያ ዘንድሮ ልልበስ! በቀሚስ ደግሞ ልትቀናብኝ ነው?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሷ ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ያው እንደተፋጠጥን ሽሮአችንን በላን። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እናት ተጠርታለች። እናት በአሮጌ ጉልበቷ ገደል ልትወርድ ተጠርታለች። አባት ግን መንገድ መሪ ነው፤ ቦታ አሳይቶ ዞር የሚል።

አንድ ጊዜ ለሚስቴ ወጥመድ ዘረጋሁላት። አዘጋጇ የነገረችኝ ቀን ከመስቀል በኋላ ያለው እሑድ ነው። "በዚያ እሑድ አብረን ዘመድ እንጠይቅ እንዴ?" አልኳት።

"እኔ እንኳ እህቴ ቤት ማኅበር አለብኝ።"

"የምን ማኅበር?"

"የማርያም።"

"ማርያም በሃያ አንድ ነው። እሑዱ ሃያ አንድ አይደለም።"

"ዘንድሮ አዛውረውት ነው።"

"ማርያምን ማን ያዛውራታል አንቺ ሴት?"

ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን ኮስተር አልኩ። ያኮረፈ ሰው ከሳቀ ምኑን አኮረፈው?

ሦስተኛውን ፏፏቴ ያገኘሁት ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ነው። ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት ወሰደኝ፤ ከዚያ በእግር በገብስና በባቄላ ማሳዎች መሐል መውረድ ነው። ቁልቁለቱ ደልዳላ ነው፣ እንደ ደረጃ የተደራረበ ድንጋይ አለው፤ ለክፉ ጉልበት ይሆናል። ውሃው ከጥቁር ገደል ላይ ተወርውሮ ይወርዳል። ሥሩ ለጥ ያለ ሣር አለ፣ ከመንገድ አይታይም። ሳየው ወደድኩት። ለማን እንደወደድኩት ለራሴም አልተናገርኩም።

ማሳው የአንድ ሽማግሌ ነው። ባቄላውን ከዝንጀሮ እየጠበቁ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጉዳዬን ነገርኳቸው።

"ሠርግ? እዚህ?" አሉ። ዱላቸውን መሬት ተከሉ። "የልጅቷ አባት ያውቃል?"

ዓይኔን ወደ ውሃው አዞርኩ።

"እኔ መሬት ላይ የተጠለፈች ልጅ አትቆምም። ያያቶቼ እርስት ነው።"

"ጠለፋ አይደለም አባቴ። ወዳ ነው።"

"ወዳ ከሆነ አባቷ ወዴት አለ?"

"ሽማግሌ ልከውበት ነበር።"

"እህ?"

"አልደረሰችም አላቸው።"

"ደግ ብሏል። በሁለተኛውስ?"

"አልተመለሱም።"

"አልተመለሱም? ምን ነካቸው፣ ሞቱ?"

"በአውሮፕላን ሄዱ።"

ሽማግሌው ሳቁ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። "በአውሮፕላን የመጣ ሽማግሌ!" እያሉ ጭናቸውን መቱ። እኔ አልሳቅሁም። እሳቸውም አዩኝና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት።

"አባትየውስ ምን አደረገ?"

"ምን ያድርግ? እስኪመለሱ ጠበቀ።"

"እስከ መቼ?"

"እንጃ።"

"ታውቀዋለህ ሰውየውን?"

"አውቀዋለሁ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ክፉ ሰው አይደለም" አልኩ። ድምፄ እንዲያ እንደሚሆን አላወቅኩም፤ መሐል ላይ ተሰበረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጥቂት የባቄላ እሸት ቀነጠሱና "እንካ፣ ብላ" አሉኝ። ተቀምጬ እየፈለፈልኩ በላሁ። ጥቂት ቆይተው፣ ወደ ዝንጀሮዎቹ እያዩ፣ "ሽማግሌ ያጡ እንደሆነ እኔ አለሁ በለው" አሉ።

ፎቶውን ላክሁ። አዘጋጇ ወዲያው ነው የደወለችው። "ወደውታል ጋሼ! ሙሽራዋ ግን አንድ ጥያቄ አላት። ሰውየው ራሱ ቦታውን ወዶታል ወይ ትላለች።"

"የቱ ሰውዬ?"

"እርስዎ።"

"የኔ መውደድ ምን ያደርግላታል?"

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ? ጠይቂው አለችኝ። በዕለቱም እርስዎ ራስዎ እንዲመሩን ትፈልጋለች።"

"ወዶታል በያት" አልኩና ዘጋሁት። ዓይኔ አቧራ ገባበት አልኩ ለራሴ፤ በክረምት የምን አቧራ!

ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አይወጣም። ራስዎ ይምሩን ማለት ምን ማለት ነው? ልጄ እኔን ፈልጋ ነው? ወይስ ዓመት ሙሉ ላኮረፈው ልጅ፣ "ይኸው፣ የከለከለህን አባቴን መንገድ አስመራሁልህ" ልትለው ነው? ሁለቱንም ሳገላብጥ መስቀል መጣ፣ ደመራው ተለኮሰ። ችቦዬን ይዤ ስዞር ሐሳቤ እዚያው ነበር። በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ወደ ሽማግሌው ወረድኩ። "ሰውየው ይምጡልኝ ይላል" አልኳቸው። "ስም አያስፈልግም፣ እንመጣለን" አሉኝ።

እሑድ ጧት ሚስቴ ያን ቀሚስ ለብሳ "ማኅበሬ" አለችኝ። "ማርያም ትከተልሽ" አልኳት። ከሄደች በኋላ እኔም ነጠላዬን ለበስኩና ሌላ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጄ ፈጣን ኖሮ መንገድ ላይ ደረስንባት። ስናልፋት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። እኔም አንገቴን ጠምዝዤ ተራራ አየሁ። ሹፌሩ "እማማ አይደሉም እንዴ?" አለኝ። "ንዳ!" አልኩት።

መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መኪናዋ መጣች። መጀመሪያ አዘጋጇ ወረደች፣ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች፤ ከዚያ ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ ሁለት ጓደኞች፣ ከዚያ ልጁ። ቀጭን ነው፤ ሱፍ ለብሷል፣ ጫማው መስታወት ነው፣ ለጭቃ የሚያሳዝን ጫማ። ሚስቴም ከኋላ በባጃጇ ደረሰች። በመጨረሻ ልጄ ወረደች። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ነው የለበሰችው። አየችኝ። አልደነገጠችም፣ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝና ለአፌ የመጣለት በአስጎብኚነት ዘመኔ ሁሉ የለመደው ነው።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። መንገዱ ያዳልጣል፣ ተከተሉኝ።"

ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ጭቃው ጋ ስንደርስ ከኋላዬ እጅ ትከሻዬን ያዘ። አልዞርኩም፤ የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ጭቃው አለቀ፣ እጇ ግን አልወረደም። ደረቁ ላይም እንደያዘችኝ ወረድን። ያኔ ንዴቴን ፈለግኩት፤ አጣሁት።

ፏፏቴው ሥር ስንደርስ ሽማግሌው ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመው ይጠብቃሉ። ጋቢያቸው ታጥቦ በረዶ መስሏል። ውሃው ሲያጓራ የሰው ድምፅ ይውጣል። ሚስቴ ለሽማግሌዎቹ ቦታ ጠርጋ "ተቀመጡ" ብትል፣ በእጃቸው እንቢ አሏት። ዋናው ቀርበው አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አድርገው ጮኹልኝ።

"ባለፈው መጥተን አልደረሰችም ብለውናል። አልተቀየምንም፤ ይኸው ተመልሰናል። ልጅዎን ለልጃችን!"

አዘጋጇ ይህ በእቅዷ የለም፤ ወረቀቷን ታገላብጣለች። ልጁ ግን ገባው። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሄዶ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ውሃው ፊቱን አርሶታል፤ እንባም ቢሆን አይለይም። ይሄ ነው እንግዲህ ንቀውኛል ብሎ ያኮረፈኝ! እንደፈራ ልጅ ነበር የሚመስለው። አሳዘነኝ።

ልጄ ከገደሉ ግርጌ ቆማለች። ፀጉሯ ላይ የውሃው ብናኝ ሰፍሯል። ዓይኗ አፌ ላይ ነው።

በሁለተኛው ቀን የሚባለው "ዘመድ ልማከር" ነው። ላሊበላን! ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ሚስቴ ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ፣ ጉልበቷን ረስታ ወደ እኔ ተራመደች። ያ ወግ እንዳለ ወደ ሆዴ ተመለሰ።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ።

"ምን አልክ አባዬ?" አለች ልጄ።

"ሰጥቻለሁ!"

እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ አልሰማሁም ማለቷ ነው። ዓመት ከመንፈቅ በጸጥታ ቤት ውስጥ ያልወጣኝን ቃል አሁን ውሃውን በልጬ መጮህ ነበረብኝ። ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣልኩ፣ ደረቴን ሞላሁት።

"ሰጥቻለሁ አልኩ! ልጄን ሰጥቻለሁ! ውለዱ፣ ክበዱ! ሰጥቻለሁ!"

ከማዶ የሚግጡት ከብቶች ቀና አሉ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፤ ሚስቴ እልል አለች፤ ልጁ ጭቃው ላይ ተደፍቶ ጉልበቴን ያዘ። አንስቼ ሳምኩት። ጉሮሮዬ ተቃጥሏል፤ አለቅሳለሁ፤ ማን እንዳየኝም ግድ አልነበረኝም። ልጄ መጣች፤ እንደረጠበች አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

"የመጀመሪያውንም ሰምቼው ነበር አባዬ" አለችኝ። "ደግመህ እንድትለው ብዬ ነው።"